ሠዓሊው ከፒያኖው ጎን እስኪቆም

በአውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች የሙዚቃ አዳራሾች ውስጥ አልፎ አልፎ በሚታይ አንድ ዐይነት ትርኢት፣ ከመድረኩ በአንደኛው ወገን ትልቁ ጥቁር ፒያኖ ክዳኑ ተከፍቶ ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ቀለም ያልነካው ነጭ ሸራ ተወጥሮ ይቆማል፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ከሾፐን ወይም ከደቡሲ ድርሰቶች አንዱን ሲጀምር ሠዓሊውም ብሩሹን ያነሣል፤ የመጨረሻው ድምፅ ሲጠፋ ሥዕሉ ያልቃል፣ ወይም ያለቀ ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተመልካች፣ ነገሩን የዘመናችን ወጣቶች ትናንት ያወጡት የአዳራሽ ማሟያ ጨዋታ አድርጎ ቢገምተው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከትርኢቱ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ፣ ይኸውም ዐይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው በአንድ ሰዓት ከአንድ ምንጭ ሊቀዱ ይችላሉን የሚለው ክርክር፣ 300 ዓመት ያህል የኖረ፣ ካህናትና ፈላስፎች፣ ደራስያንና መሐንዲሶች፣ የከበሩትም የተናቁትም የመድረክ ሰዎች እጃቸውን ያስገቡበት ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ ሥር በሁለቱ ጥበባት የባሕርይ ልዩነት ላይ ነው። ዜማ ሕይወት የሚያገኘው በማለፉ ነው፤ አንዱ ድምፅ ቦታውን ካልለቀቀ ሁለተኛው ሊመጣ አይችልም። ሥዕል ግን የተፈጠረው ሊቆይ ነው፤ የተመልካቹ ዐይን ከወደደው ጫፍ ይጀምራል፣ በወደደው ይጨርሳል፣ ሲያሻውም ይመለሳል፤ ሠዓሊው ከብሩሹ ጋር ያሳለፈው ወርና ዓመት በተፈጸመው ሥዕል ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል እንጂ ለማንም አይገለጥም። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ መድረክ ለማገናኘት የፈለገ ሰው ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ አንድ ቀለም መድቦ፣ ቀለምን እንደ ድምፅ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ መሥራት፤ ወይ የሠዓሊውን እጅ ከሥራ ቤቱ አውጥቶ በሰው ፊት ማቆምና እጁ ራሱ በጊዜ ውስጥ ሲሠራ ማሳየት። የመጀመሪያው መንገድ በየትውልዱ ተሞክሮ በየትውልዱ ከመንገድ ቀረ፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘግይቶ መጣ፤ የዘገየበትም ምክንያት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የክብር ጉዳይ ነው።

ከመሣሪያዎችም ሁሉ ፒያኖ የተመረጠው በከንቱ አይደለም። የቫዮሊን ተጫዋች አንድ ጊዜ ያወጣውን ድምፅ በደጋኑ፣ የዋሽንት ተጫዋችም በትንፋሹ ሊያሳድገውና ሊያለዝበው ይችላል፤ በፒያኖ ግን መዶሻው የብረቱን ክር ከመታ በኋላ ያንን ድምፅ ማሳደግ ለማንም አልተሰጠም፤ ድምፁ ከተወለደበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ መጥፋት ያዘግማል። ይህ የማይመለስ ምት በእርጥብ ቀለም ላይ ከሚያርፈው የብሩሽ ምት ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ከዚህም በላይ አንድ ሰው ብቻውን ዜማውንም አጃቢውንም ይዞ ሊጫወት ስለሚችል፣ አንድ ሠዓሊ ከአንድ ተጫዋች ጋር ያለ ሌላ አስታራቂ ሊቆም ይችላል። የቁልፎቹም አደራደር ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ በዐይን የሚታይ ሥርዓት አለው፤ ቀለም በመደዳ መደርደር የለመደ ሰው ይህን ባየ ጊዜ «እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቀለም ቢኖረውስ?» የሚል ፈተና ይመጣበታል።

በዚህ ፈተና ከሁሉ አስቀድሞ የወደቀው ሉዊ በርትራን ካስቴል የሚባል፣ በ1688 በሞንፔሊዬ የተወለደ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና የሒሳብ ሊቅ ነው። እንግሊዛዊው ኒውተን በ1704 ስለ ብርሃን ባሳተመው መጽሐፍ ብርሃንን በሰባት ቀለማት ከፍሎ፣ ስፋታቸውን ከዜማ መሰላል ክፍሎች ጋር አመዛዝኖ ነበር፤ ካስቴል ምንም እንኳ የኒውተን ትምህርት ተቃዋሚ ቢሆን፣ ቀለምና ዜማ በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ የሚለውን አሳብ ግን ከተቃዋሚው ወስዶ እስከ ዕለተ ሞቱ ተሸከመው። በ1725 «መርኩር ደ ፍራንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የዐይን ክላቭሰን ሊሠራ እንደሚቻል ጻፈ፤ ክላቭሰን ማለት በዚያ ዘመን ፒያኖ ገና ሳይስፋፋ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይመታ የነበረው የቁልፍ መሣሪያ ነው። የድምፆች ሁሉ መሠረት የሆነውን «ዶ»ን ለሰማያዊ ሰጠ፤ «ሬ»ን ለአረንጓዴ፣ «ሚ»ን ለቢጫ፣ «ሶል»ን ለቀይ አደለ። ከክላቭሰኑ በላይ ባለ ቀለም መስተዋት የተገጠመላቸው 60 ትንንሽ መስኮቶች ቆመው፣ ተጫዋቹ ቁልፍ በነካ ቍጥር የዚያ መስኮት መጋረጃ ተነሥቶ ከኋላው ያለው ብርሃን በቀለሙ እንዲያልፍ ታሰበ።

ይህ ሰው የተናቀ ሕልመኛ አልነበረም። በዘመኑ በጀርመን አገር እጅግ የከበረው ደራሲ ቴለማን ፓሪስን ከጎበኘ በኋላ በ1739 ስለ መሣሪያው የሚያብራራ ጽሑፍ አሳተመ፤ ቮልቴር ስለ ኒውተን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አነሣው፤ ሌሎችም የዘመኑ ጸሐፍት ተከራከሩበት። ካስቴልም መስማት የተሳናቸው ሰዎች በዐይናቸው ሙዚቃን ይቀምሳሉ ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት እየሠራ እያፈረሰ፣ በ1750ዎቹ ዓመታት ብዙ ሻማ የሚበራበት ሌላ የተሻሻለ ዐይነት አቀረበ፤ በ1757 ሲሞት ግን መሣሪያው አብሮት አረጀ፤ ዛሬ ከዚያ ሁሉ ድካም በእጅ የሚዳሰስ አንድ ቁራጭ የለም።

የካስቴልን አሳብ ከሥሩ የነቀለው ትችት የመጣው ከዣን ዣክ ሩሶ ነው። ሩሶ ስለ ቋንቋዎች አመጣጥ በጻፈውና ከሞቱ በኋላ በ1781 በታተመው ድርሰቱ፣ ቀለምንና ድምፅን ማመሳሰል ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት አንድ ምዕራፍ መደበ፤ የክርክሩም ፍሬ ነገር ሙዚቃ ግዛቷ ጊዜ ነው፣ ሥዕል ግን ግዛቷ ቦታ ነው፣ ስለዚህ ቀለማትን አንዱን ከአንዱ በኋላ ማብራትና ማጥፋት ሥዕልን ከግዛቷ ማፈናቀል ነው የሚል ነበር። ይህ ትችት በእውነቱ የማይነቀነቅ ነው፤ ከሩሶ በኋላ የመጡት የቀለም ፒያኖ ሠሪዎች ሁሉ ሊመልሱለት ሲገባ ሳያነቡት ያለፉት ይመስላል።

በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ ጥበባት ሳይከራከሩ ግዛታቸውን ተከፋፍለው መኖራቸውን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ደግ ነው። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ሥዕሉን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሠርቶ ከፈጸመ በኋላ ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ መዘምራኑ ከበሮና ጸናጽል ይዘው በመቋሚያ ሲያሸበሽቡ ሥዕሉ ቀድሞ ተፈጽሞ ከፊታቸው ይቆያቸዋል፤ በማኅሌት መካከል ቀለም የሚበጠብጥ ሠዓሊ አይታይም።

በአውሮፓም ቢሆን የሠዓሊው እጅና የፒያኖው ድምፅ መጀመሪያ የተገናኙት በመድረክ ላይ ሳይሆን በወዳጆች ቤት ነው፤ ከእነዚያም ግንኙነቶች እንደ ደላክሯና እንደ ሾፐን ወዳጅነት የሚያስደስት አላገኘሁም። ኤዠን ደላክሯ በ1838 ፖላንዳዊውን ፍሬድሪክ ሾፐንን ከፒያኖው ጋር፣ ደራሲዋን ዦርዥ ሳንድንም ከኋላው ተቀምጣ ስታዳምጥ በአንድ ሸራ ላይ ሊሥላቸው ጀመረ፤ ለዚህም ሲባል ፒያኖ ወደ ሥራ ቤቱ እንዲመጣ ተደረገ። ሥዕሉ ሳይፈጸም እስከ ሠዓሊው ሞት፣ እስከ 1863፣ በእጁ ቆየ፤ በኋላ ባለቤቶቹ ከአንድ ሥዕል ሁለት ዋጋ ለማግኘት ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ሸራውን ለሁለት ቈረጡት፤ ሾፐን ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም፣ ሳንድ ደግሞ በኮፐንሃገን አጠገብ ባለው በኦርድሩፕጎር ሙዚየም ይገኛሉ። ከሁለቱ ቁራጮች በአንዱም ፒያኖው አይታይም።

በ1842 በጋ ደላክሯ በሳንድ የገጠር ቤት በኖአን እንግዳ ሆኖ ሳለ፣ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ወደ አትክልቱ በተከፈተው መስኮት በኩል የሾፐን ሙዚቃ ከወፎች ዜማና ከጽጌረዳ መዓዛ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚደርሰው ገልጧል። ሳንድም በበኩሏ በ1841 ስለሆነ አንድ ምሽት ስትጽፍ፣ ደላክሯ አንዱ ቀለም በጎረቤቱ ላይ የሚጥለውን ነጸብራቅ ሲያስረዳ ሾፐን ከሰማ በኋላ ወደ ፒያኖው ዞሮ፣ ያንኑ ነጸብራቅ በድምፅ የሚፈልግ መስሎ፣ ሳያስብ የመጣለትን ሲጫወት እንደ ነበር ትተርካለች። የሚያስገርመው ግን ይህ ሁሉ መግባባት በሥዕሎቹ ላይ አለመድረሱ ነው፤ ሾፐን ደላክሯን እንደ ወንድም ቢወድም ሥዕሎቹን አይወድለትም ነበር፤ ደላክሯ በአንጻሩ ሾፐንን እስከ መጨረሻው አከበረ፤ በጥቅምት 1849 በማድሌን ቤተ ክርስቲያን የቀብሩ ጸሎት ከተፈጸመ በኋላ አስከሬኑን ካጀቡት አንዱ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሠዓሊ በፒያኖ ድምፅ መካከል የሚሠራ ሰው ሳለ፣ ገንዘብ ከፍሎ በሚገባ ሕዝብ ፊት ብሩሽ ማንሣትን እንደ ውርደት ይቈጥረው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ፒያኖ ተጫዋቹ ግን በዚያው ዘመን ሊስትን የመሰለ በአውሮፓ ሁሉ የሚዞር የመድረክ ንጉሥ ሆኖ ነበር። አንደኛው እጅ በሕዝብ ፊት መሥራቱ ሲያስከብረው፣ ሁለተኛው ግን በሕዝብ ፊት ቢሠራ የገበያ አጫዋች ያሰኘው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግንኙነት በሞት ምክንያት ነው። ሩሲያዊው የሕንፃ ንድፍ ሊቅና ሠዓሊ ቪክቶር ሃርትማን በ1873 በ39 ዓመቱ በድንገት ሲሞት፣ ወዳጁ ስታሶቭ በሚቀጥለው ዓመት 400 ያህል ሥራዎቹን በሴንት ፒተርስበርግ የሥዕል አካዳሚ አሳየ፤ ሞደስት ሙሶርግስኪም ይህን አይቶ በሰኔ 1874 በሦስት ሳምንት ውስጥ «የአንድ ኤግዚቢሽን ሥዕሎች» የተባለውን የፒያኖ ድርሰት ጻፈ። ድርሰቱ የታተመው ደራሲው በ1881 ከሞተ በኋላ በ1886 ነው፤ ፈረንሳዊው ራቬል በ1922 ለኦርኬስትራ ስላዘጋጀው ዓለም ያወቀው በዚሁ በኩል ነው። ከሃርትማን ሥዕሎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ የኪዬቭ ታላቅ በር የተባለውም ንድፍ ፈጽሞ አልተገነባም። ሙሶርግስኪ በዚህ ሥራው የሠራው አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ፤ በሥዕሎቹ መካከል የሚመላለሰውን ተመልካች ራሱን፣ እርምጃውንና ወደ ኋላ ዞሮ መቆሙን፣ በዜማ አስገባው፤ በቦታ ላይ ያለውን ሥዕል በጊዜ ውስጥ ለማስገባት ከካስቴል 60 መስኮቶች ይልቅ ይህ የሰው እርምጃ በለጠ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የመሣሪያው ሕልም አልሞተም። አሌክሳንደር ስክሪያቢን በ1910 በፈጸመው «ፕሮሜቴዎስ» በተባለው ድርሰቱ፣ ትልቅ የፒያኖ ክፍል ካለበት ኦርኬስትራ በላይ ብርሃን የሚያወጣ የቁልፍ መሣሪያ እንዲጫወት በኖታው ላይ ለይቶ ጻፈ። በ1911 በሞስኮ ኩሴቪትስኪ ሲመራው መሣሪያው አልሠራም፤ በመጋቢት 1915 በኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ በብርሃን ቢታይም፣ ቀለማቱ በአንዲት ጠባብ መጋረጃ ላይ ስላረፉ የጋዜጣ ተቺዎችን አላረካም፤ ስክሪያቢንም በሚቀጥለው ወር በሞስኮ ሞተ። ራክማኒኖፍ በኋላ እንደ ተረከው፣ በ1907 በፓሪስ ሦስቱ ደራስያን፣ ስክሪያቢን፣ ሪምስኪ ኮርሳኮፍና እርሱ ራሱ፣ ተቀምጠው ስለ ቀለምና ዜማ ተከራክረው ነበር፤ «ሬ» ቢጫ መሆኑን ሁለቱ ሲስማሙ ራክማኒኖፍ አላመነም። እኔም ከራክማኒኖፍ ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም «ዶ» ለካስቴል ሰማያዊ ነው፣ ለስክሪያቢን ቀይ ነው፣ ለሪምስኪ ኮርሳኮፍ ነጭ ነው፤ ካስቴል ቢጠየቅ ደግሞ «ሬ» አረንጓዴ ነው ባለ ነበር። ሕግ ቢኖረው ኖሮ እነዚህን የመሰሉ ጆሮዎች በመጀመሪያው ፊደል ባልተጣሉ።

በዚህ መንገድ ከሄዱት መካከል ከፍ ብላ የምትታየው በ1871 በቤይሩት የተወለደች፣ በአሜሪካ በፊላደልፊያ የኖረችና በቪየና በታዋቂው መምህር ሌሼቲትስኪ ዘንድ የተማረች ፒያኖ ተጫዋች፣ ሜሪ ሃሎክ ግሪንዋልት ናት። እርሷ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተመደበ ቀለም አለ የሚለውን ትምህርት ትታ፣ ብርሃኑ ልክ እንደ ተጫዋቹ ጣት በሚጫወተው ሰው ስሜት ሊፈስና ሊሰበሰብ ይገባዋል አለች፤ ለዚህም ብርሃንን ቀስ በቀስ የሚያደምቅና የሚያደበዝዝ መሣሪያ ሠርታ፣ በእናቷ ስም «ሳራቤት» አለችው፤ መብቷንም በፍርድ ቤት ተከራክራ በ1934 ረታች። በጀርመን አገር ደግሞ ሃንጋሪያዊው ፒያኖ ተጫዋች አሌክሳንደር ላስሎ በ1925 በኪል ከተማ፣ ሠዓሊ የሣላቸውን የመስተዋት ሥዕሎች በብርሃን እያሳየ ራሱ ፒያኖ መታ፤ ሠዓሊው ባራኖፍ ሮሲኔም በ1924 በሞስኮ ቦልሾይ ቲያትር፣ በእጁ የቀባቸው የመስተዋት ክብ ሰሌዳዎች ቁልፍ በተነካ ጊዜ እየዞሩ ቀለማቸውን በመጋረጃ ላይ የሚጥሉበትን ፒያኖ አሰማ፣ አሳየም። እርሱ በኋላ ወደ ፓሪስ ሄዶ ኖረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ናዚዎች ይዘው በ1944 በአውሽዊትስ ገደሉት።

ከመሣሪያ ወደ እጅ የተደረገውን መዞር ያፋጠነው ግን ሠዓሊው ቫሲሊ ካንዲንስኪ ይመስለኛል። በጥር 1911 መጀመሪያ በሙኒክ የሙዚቃ ደራሲው የአርኖልድ ሸንበርግ ሥራዎች፣ ከእነዚህም መካከል ሦስቱ የፒያኖ ቁራጮች፣ በተሰሙበት ምሽት ካንዲንስኪ ከወዳጆቹ ጋር በአዳራሹ ተቀምጦ ነበር፤ የሰማውን በሁለት ንድፎች አስቀመጠ፤ ወዲያውም «ኢምፕሬሽን 3» ወይም «ኮንሰርት» የተባለውን ሥዕል ሠራ፤ ይህም ዛሬ በዚያው በሙኒክ በሌንባኽሃውስ ሙዚየም ይገኛል። የፒያኖው ክዳን ጥቁር ክምር ሆኖ ከሸራው ላይኛ ክፍል ሲጫን፣ ብሩህ ቢጫ ከአጠገቡ ተነሥቶ አዳራሹን ያጥለቀልቃል፤ አድማጮቹም ከታች ወደ ፒያኖው ያዘነበሉ ጠመዝማዛ መስመሮች ናቸው። ይህ ሥዕል «ሚ»ን ወይም «ሶል»ን አልሣለም፤ የሣለው መስማትን ነው። ካንዲንስኪ ከጥቂት ቀን በኋላ ለሸንበርግ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከዚያም ወዳጅነታቸው ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው ስለ ኪነ ጥበብ መንፈሳዊነት በጻፈው መጽሐፉም፣ ቀለምን ከቁልፍ፣ ነፍስንም ብዙ ክር ካለው ፒያኖ ጋር አመሳሰለ።

ይኸው ሰው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1928፣ በደሳው ከተማ ፍሪድሪክ ቲያትር የሙሶርግስኪን «የአንድ ኤግዚቢሽን ሥዕሎች» በመድረክ አሳየ። ተዋናይ የታየው ከአሥራ ስድስቱ ትዕይንት በሁለቱ ብቻ ነበር፤ በቀሩት ክቦችና ቀስቶች፣ ባለ ቀለም ሰሌዳዎችና መብራቶች ከሙዚቃው ጋር እየመጡ፣ እየተገጣጠሙና እየተለያዩ ሥዕሉ በተመልካች ዐይን ፊት ተሠራ፣ በተመልካች ዐይን ፊትም ፈረሰ። ሩሶ ይህን ምሽት ቢያይ ምን ይል ነበር ብዬ ሳስብ፣ ቢያንስ ዝም ብሎ አይወጣም ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ሥዕል ጊዜን ወደ ግዛቷ የምታስገባበትን በር ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያሳየ ምሽት ነበርና።

የኪነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፍት ግን ለዚህ ትርኢት ሌላ፣ የተናቀ ወላጅ እንዳለው ማስታወስ አይወዱም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሕዝብ መዝናኛ አዳራሾች፣ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ በመብረቅ ፍጥነት የሚሥሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሙዚቃው እየተመታ አንዱን ፊት ወደ ሌላ ፊት ይለውጡ፣ በሁለት መስመር ሕፃኑን ሽማግሌ ያደርጉ ነበር። ዊንዘር ማኬይ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጦች ሠዓሊ በ1906 በኒውዮርክ በ15 ደቂቃ ውስጥ 25 ሥዕሎች በጠመኔ እየሣለ ሰውን ከሕፃንነት እስከ እርጅና ሲያሳይ፣ ከመድረኩ ሥር ያሉት ሙዚቀኞች ያጅቡት ነበር፤ በትንንሾቹ አዳራሾች ግን ብዙ ጊዜ አጃቢው አንድ ፒያኖ ብቻ ነበር። ዛሬ የሾፐን ሙዚቃ እየተሰማ የሚሥለው ሠዓሊ፣ የካንዲንስኪ የልጅ ልጅ መባል ቢያኮራውም፣ ልማዱን፣ ማለትም ጊዜ ጠብቆ መፈጸምንና የሕዝቡን እስትንፋስ መጠበቅን፣ የወረሰው ከነዚህ የጠመኔ ሰዎች ነው።

የክብሩ ግድግዳ የፈረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ማትዩ በግንቦት 1956 በፓሪስ ሣራ በርናር ቲያትር 2000 ያህል ተመልካች በተሰበሰበበት፣ 4 በ12 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ 800 የቀለም ቱቦ አፍስሶ፣ እየዘለለና እየሮጠ ሥዕሉን በመድረክ ፈጸመ። ኢቭ ክላይንም በመጋቢት 1960 በዚያው ከተማ፣ ሙዚቀኞቹ አንድ ድምፅ ብቻ ለ20 ደቂቃ ሲጫወቱና ለ20 ደቂቃ ዝም ሲሉ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ሞዴሎች ገላቸውን በወረቀት ላይ እንዲያትሙ አደረገ። እኔ የክላይንን ነገር ከሥዕል ይልቅ ወደ ቲያትር አስጠጋዋለሁ፤ የማትዩ ግን ለታሪካችን ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም አንድ የከበረ ሠዓሊ በሰው ፊት መሥራትን ያለ ኀፍረት ስለ ፈጸመውና፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ፒያኖውን ከጎናቸው ለማስጠጋት ብቻ ስለ ቀራቸው ነው።

ለዚህም አንድ ተራ የኬሚካል ነገር ረዳቸው። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ በላዩ ሌላ ቀለም ቢጨመር ሁሉም ይቀላቀልና ይጨቀያል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ለሠዓልያን የቀረበው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ግን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ፣ 10 ደቂቃ ያህል በሚፈጀው የሾፐን ባላድ ውስጥ መሠረቱን ቀብቶ፣ ሲደርቅ በላዩ ሌላ መጣል ይቻላል። ግማሽ ሰዓት በሚፈጀው የሙሶርግስኪ ድርሰት ደግሞ ሸራውን ሰፋ ማድረግ ወይም ሸራ መለወጥ ግድ ይሆናል። ሠዓሊው ድርሰቱን በጆሮው ማጥናት አለበት፤ ጸጥታው የት እንደሚመጣ ካላወቀ፣ ተጫዋቹ እጁን አንሥቶ በዝምታ ሲጠብቅ እርሱ ብሩሹን በውሃ ጣሳ ውስጥ ሲያንኳኳ ይገኛል። ሥዕሉም አብዛኛውን ጊዜ አብስትራክት ነው፤ መልክ መሣል የጀመረ ሰው ተመልካቹን «ማን ይሆን?» ወደሚል እንቆቅልሽ ስለሚመራው ሙዚቃው ይረሳል።

ፒያኖ ተጫዋቾች በዚህ ነገር የሚያሰሙት ቅሬታም እውነትነት አለው። ዐይን ከጆሮ ይልቅ ስግብግብ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በብሩሽ ሲወዛወዝ እያዩ የባኽን ፉጋ መከታተል ለብዙ ሰው አይሳካም፤ ተጫዋቹም በራሱ ኮንሰርት ላይ አጃቢ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ቅሬታ የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ ሸራው በቀን ብርሃን፣ ያለ ፒያኖ ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ሥዕሉ በጊዜ ውስጥ ተፈጥሮ ሳለ በቦታ ሕግ ይፈረድበታል። ብዙዎቹ ሠዓልያን ይህን ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከትርኢቱ በኋላ በሥራ ቤታቸው ሊያርሙት ይሞክራሉ፤ እኔ ግን ማረሙን አልወደውም፤ ከታረመ በኋላ ሥዕሉ የዚያ ምሽት ሥዕል መሆኑ ይቀራል።

በበርሚንግሃም በ1933 ተወልዶ በኔዘርላንድ የሠራው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኖርማን ፔሪማን ለዚህ ችግር ያገኘው መላ ከሁሉም ያስደንቀኛል። እርሱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሸራውን ትቶ፣ መምህራን በክፍል ይጠቀሙባቸው የነበሩትን ከሥር የሚያበሩ ፕሮጀክተሮች በመድረክ ደረደረ፤ በመስተዋታቸው ላይ ውሃ ቀለም እያፈሰሰ፣ በብሩሽና በጣቱ እያንቀሳቀሰ፣ ሥዕሉ ከሙዚቀኞቹ በላይ በትልቁ መጋረጃ ላይ እንዲወርድ፣ እንዲዋሐድና እንዲጠፋ አደረገ። የሠራውም እንደ ማትዩ በግብታዊነት አልነበረም፤ ድርሰቱን ከሙዚቀኞቹ ጋር እየተለማመደ እያንዳንዱ ቀለም የሚገባበትን ቦታ ያጠና ነበር። ኮንሰርቱ ሲያልቅ መስተዋቱ በጨርቅ ይጠረግ ነበር፤ የሚሸጥ ሸራ፣ በማግስቱ የሚፈረድበትም ሥዕል አልነበረም። ሙዚየሞችም ከእርሱ የመድረክ ሥራ፣ በዚያ ምሽት የተቀረጸ ፊልም ካልተገኘ በቀር፣ የሚገዙት ነገር የላቸውም።